ውጤቱን መቼ ልምጣ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛሏን ይዛ ቤቴ መጣች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ብቅ የሚሉ ልጆች አሉ። ቡና እናፈላለን፣ ወረቀታቸውን አነብላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። የእሷ ጥናት ባትሪ በሚጠገንበት ሰፈር የሚያድጉ ሕፃናት ደም ውስጥ ምን ያህል እርሳስ፣ ያ መርዛማው ብረት፣ እንዳለ መለካት ነው። ደስ ይላል። ልትወጣ ስትል፣ በር ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች፣ «ዶክተር፣ ውጤቱን ለእናቶቹ የምንነግራቸው ፔፐሩ ከመውጣቱ በፊት ነው ከወጣ በኋላ?» አለችኝ።

«አስቤበት እነግርሻለሁ» አልኳት።

ምኑ ነው የሚታሰበው? ግን አፌ ተያዘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናም ለእሷ ብዬ የጀመርኩትን እንደ እሷ ጥናት ለያዛችሁ ተማሪዎች ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

1988 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሁሉም ታናሽ ነኝ። ባትሪ የሚጠገንበት አንድ መንደር ውስጥ ከልጆች ደም እንድንወስድ ተላክን። ሠራተኞቹ አሮጌ የመኪና ባትሪ በመዶሻ ይሰብራሉ፣ አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፋሉ፣ ውስጡ ያለውን ግራጫ ዝርግ እርሳስ ደግሞ በድስት ከሰል ላይ ያቀልጡታል። ጭሱ ያቃጥላል ብለው ነጠላ ወይም ሻርፕ አፋቸው ላይ ያስራሉ፣ ሌላ መከላከያ የለም።

ቁጥር 17 ብለን የመዘገብነው ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቤት ውስጥ አቡሽ ይሉታል። እናቱ ደም ይወሰድ ስንላት ፊቷ ተለወጠ። ያኔ ደም ይሸጣል የሚል ወሬ ነበርና አልፈርድባትም። ተቀምጬ አስረዳኋት፣ «በደሙ ውስጥ እርሳስ መኖር አለመኖሩን ልናይ ነው» አልኳት። እሷ ደግሞ ሳቋን ለቀቀችው። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ገና ትምህርት ቤት አልገባም እኮ! እርሳስ ከየት አምጥቶ ይበላል?» አለች። ቋንቋችን መጻፊያውንም ብረቱንም በአንድ ስም ስለሚጠራ እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ግራ መጋባት አለ። የሚገርመው መጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፣ ግራፋይት ነው። ይህንን ሳታስረዱ የስምምነት ቅጽ የምታስፈርሙ ልጆች፣ ያስፈረማችሁት ሌላ ነገር ላይ ነው።

በመጨረሻ እሺ አለች። ግን አንድ ነገር አለችኝ። «ውሰጂ፣ ብቻ ያገኘሽውን ንገሪኝ። ውጤቱን መቼ ልምጣ?»

«እኛ እናሳውቅሻለን» አልኳት። በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት። ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ።

ከዚያ የግቢውን አፈር ግማሽ ኪሎ ያህል በላስቲክ ሞላሁ። ስጨርስ አባትየው ከሥራ ገባ። አቡሽ ሮጦ እግሩ ላይ ተጠመጠመና ፊቱን ቱታው ውስጥ ቀበረ። አባትየው ቱታውን አወለቀና ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለው፣ ልክ ከልጁ መደብ በላይ። «ሲበርደው እሱን ነው የማለብሰው፣ ይወዳታል» አለች እናትየው። ፈገግ አልኩ። አፈሬን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቱታውን አይቼዋለሁ። ማስታወሻዬ ላይ ግን አልጻፍኩትም። ፕሮቶኮሉ «አፈር፣ ውሃ፣ ደም» ነው የሚለው።

መለካቱ ሌላ ጣጣ ነበር። የእኛ ላብራቶሪ መስኮት ወደ አስፋልት ይከፈት ነበር፣ ያኔ ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ እርሳስ ያለበት ነው። ባዶ ውሃ ስንለካ እንኳ እርሳስ ያሳየናል! ጠርሙሱን በናይትሪክ አሲድ እያጠብን፣ መስኮቱን እየደፈንን፣ አሁንም ያሳየናል። ክሌር ፓተርሰን የሚባለው አሜሪካዊ ኬሚስትም የደረሰበት ይኸው ነው። የመሬትን ዕድሜ ሊለካ ተነስቶ በየዕቃው እርሳስ እያገኘ ተቸገረ፣ በመጨረሻ ላብራቶሪውን ከአቧራ ነጻ አድርጎ በ1956 እ.ኤ.አ. መሬት 4.55 ቢሊዮን ዓመቷ ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤንዚኑ ጉዳይ የዞረው። እኛ ግን ፓተርሰን አይደለንምና ናሙናውን ወደ ውጭ ላክነው።

ሰባት ወር ቆየ። መጣ። ቁጥር 17፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 41 ማይክሮግራም።

ለማታውቁ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያኔ አሳሳቢ የሚለው ከ10 ጀምሮ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 አወረዱት። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። እርሳስን ከደም የሚያወጣው መድኃኒት በብዛት የሚታዘዘው ደግሞ ከ45 ጀምሮ ነው። አለቃዬ የያዙት ይህንኑ ነው። «41 ነው፣ 45 አልደረሰም። ቢደርስም መድኃኒቱ አገር ውስጥ የለም። ነግረን ምን ልናደርግላት ነው? ማስጨነቅ ብቻ ነው። ፔፐሩ ይውጣና አጠቃላይ ግኝቱን ለቀበሌው እናቀርባለን» አሉ።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ሁሉንም እሳቸው ላይ እንዳልደፋው ደግሞ፣ እኔም ስሜ ፔፐሩ ላይ እንዲወጣ ጓጉቼ ነበር። ዝም አልኩ።

እናትየው ሦስት ጊዜ መጣች። ሁለቱን የሰማሁት ከጥበቃው ነው፣ «አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ውጤት ብላ መጥታ ነበር» አለኝ። ሦስተኛውን በዓይኔ አየሁ። ፎቅ ላይ በዚያው በደፈንነው መስኮት ጥግ በኩል። ከበሩ ማዶ ቆማለች፣ አቡሽ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ነጠላዋን አናቱ ላይ ጣል አድርጋበታለች። ውጤቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አልወረድኩም።

እስከ ዛሬ ደረጃውን እቆጥራለሁ። ሃያ ሁለት ነበር።

ፔፐሩ በሁለት ዓመቱ ወጣ፣ ስሜ ሦስተኛ ነው። ወደ መንደሩ ስሄድ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አገኘሁ። «ለቀዋል፣ ወዴት እንደሆነ እንጃ» አሉኝ። አቡሽ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ወይም ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳልና፣ ታክሲ ውስጥ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው መልስ ለመቁጠር ሲቸገር ካየሁ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ ቱታው የገባኝ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው። ሠራተኛ በልብሱ፣ በፀጉሩ፣ በጫማው ይዞት የሚገባው አቧራ ልጆቹን እንደሚመርዝ የሚናገር አንድ ጽሑፍ እያነበብኩ ሳለ ያ ሚስማር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የወሰድኩት አፈር እኮ ያን ያህል የከፋ አልነበረም! ልጁ ግን 41። መልሱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። አለቃዬ መድኃኒት የለም አሉ እንጂ፣ ያቺ እናት ቁጥሩን ብታውቅ ቱታውን ውጭ ትሰቅለው ነበር። አባትየው ሥራ ቦታው ታጥቦ ይገባ ነበር። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ነበር። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ምንጩ ከተቋረጠ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ወደ አጥንት የገባው ነው ለአሥርት ዓመታት የሚቀመጠው። እኔ ሁለት ዓመት ዝም ስል ወደየት እየሄደ እንደነበር እናንተው አስሉት።

ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ነው። በደሙ ውስጥ አይረን ያነሰው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የደም ማነስ አለበት ወይ፣ ቁርስ በልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ናይጄሪያ ዛምፋራ የሆነውን አንብቡ። በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው። ወርቅ ያለበትን ድንጋይ እህል በሚፈጭ ወፍጮ ግቢ ውስጥ ይፈጩ ነበር፣ ድንጋዩ እርሳስ ነበረበት፣ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ የተጸዳው ግቢው ነው፤ ልጁን አክሞ ወደዚያው አቧራ መመለስ ትርጉም የለውምና። ሴኔጋል ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ላይም ከባትሪ እርሳስ ማውጣት ነበር ጉዱ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ።

እናንተ ላይም ትንሽ ልናገር። ስለ ከባድ ብረታት ከሚመጡልኝ አሥር ፕሮፖዛሎች ስምንቱ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ስለሚለማ ጎመን ነው። ጎመኑ ይጠና፣ አልጠላሁም። ግን እውነቱን እናውራ፣ ጎመን መርፌ ሲወጋ አያለቅስም፣ ውጤቱንም ብሎ በር ላይ አይቆምም። ደግሞ አሁን አሁን መግቢያውን ማሽን እየጻፈላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሦስቱ በአንድ ቃል ሲጀምሩ አይታወቅም ብላችሁ ነው? እኛ በእጃችን ነበር የምንጽፈው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በእጃችን ጽፈን ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ብልጫ የላቸውም። በባልቲሞር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕፃናት የሚኖሩባቸው ቤቶች ውስጥ የእርሳስ አቧራ የተለካበት ጥናት ነበር። አቧራው ከፍተኛ መሆኑ ታውቆ ሳለ በጊዜው አልተነገረንም ብለው ወላጆች ከሰሱ። በ2001 የሜሪላንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተመራማሪ ለሚያጠናው ሰው ግዴታ ሊኖርበት ይችላል ሲል ወሰነ። ይህንን ሳነብ የደረጃዎቹን ቁጥር ነው ያሰብኩት።

ስለ ሥነ ምግባር ኮሚቴና ስለ ናሙና ብዛት አልነግራችሁም፣ አማካሪ አላችሁ። አንድ የእጅ ሥራ ነገር ብቻ። ዛሬ ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ በሦስት ደቂቃ ቁጥር የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ አለ። ግሩም ነው። ግን የልጁን እጅ በሳሙና በደንብ ሳታጥቡ ከወጋችሁ የምትለኩት ጣቱ ላይ ያለውን አቧራ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣ ከደም ሥር ወስዳችሁ አረጋግጡ። አትቸኩሉ፣ የተሳሳተ ቁጥር ለእናት መንገር ራሱ በደል ነው። ግን ደግሞ ማረጋገጫው እስኪመጣ ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ «የመጀመሪያው ከፍ ብሏል፣ ደግመን እናያለን፣ እስከዚያው ልብሱን ውጭ ስቀሉ» በሉ። እርስ በርሱ ይጋጫል? ይጋጭ። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል።

በነገራችን ላይ ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም። ያ ቤንዚን ቀርቷል፣ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ እንኳ በ2021 እ.ኤ.አ. አቁማለች። ቀለምም ላይ ቢሆን አገራችን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ እርሳስ እንዳይኖርበት ደንብ አውጥታለች። ቁጥር በትክክል ተነግሮ ነው እዚህ የተደረሰው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ጫማሽን እያሰርሽ ወደ ጠየቅሽኝ። መልሱ በፊት ነው። ቁጥሩ እጅሽ በገባ ዕለት። ቅጽሽን አየሁት፣ ዕድሜ አለ፣ ጾታ አለ፣ ክብደት አለ። ከመጨረሻው ዓምድ ቀጥሎ «ለእናት ተነግሯል፣ ቀን» የሚል ጨምሪበት። ስልክ ሁለት ተቀበይ፣ የእናትየውንና የአንድ ጎረቤት፣ ሰው ቤት ይለቃል። አፈሩን ከመዝገንሽ በፊት ደግሞ ከበሩ ጀርባ እይ። ቅዳሜ ቤት ነኝ፣ አስተካክለሽው ነይ።