መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር የሥነ ልቦና ምክር ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሥነ ልቦና ምክር መስጠትን ሙያቸው ሊያደርጉ ለሚያስቡ ሁሉ መልስ እሰጣለሁ። የፈቃድና የሕግ ጉዳይ ሳነሳ የምናገረው ስለ አሜሪካ፣ በተለይም ስለ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ስለ ሥራው አያያዝ የምለው ግን አዲስ አበባ ላላችሁም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ የአሜሪካ የምልክት ቋንቋም እችላለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም፤ መሠረቱን ግን ይዘሻል። የሥነ ልቦና ምክር ማስተርስ ያስፈልግሻል። ካክረፕ (የምክር ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝነው የአሜሪካ አካል) እውቅና የሰጣቸው ፕሮግራሞች 60 ክሬዲት ናቸው። በውስጣቸው 100 ሰዓት የመጀመሪያ ልምምድ አለ፤ ከዚህ ቢያንስ 40ው ከተገልጋይ ጋር መሆን አለበት። ቀጥሎ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይመጣል፤ 240ው ከተገልጋይ ጋር ነው። ለሙሉ ፈቃድ ሜሪላንድ 3,000 ሰዓት (ቢያንስ 2,000ው ከምረቃ በኋላ)፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከምረቃ በኋላ 3,400 ሰዓት በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር መሥራትን ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ሳይመዘግብሽና ተቆጣጣሪሽን ሳያጸድቅ የሠራሽው ሰዓት አይቆጠርም። መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሺ፣ ከዚያ ሥራ ጀምሪ።

ዲሲ ያለው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በምልክት ቋንቋ ስለሚሰጥ ለዚህ ሙያ የተለየ ዕድል ነው። የቋንቋ ችሎታን ከ0 እስከ 5 የሚመዝን ቃለ መጠይቅም ያካሂዳል። ወዳጆችሽ «ጎበዝ ነሽ» ስላሉሽ ብቻ አትተማመኚ፤ አስመዝኚው። ስለ ሞት፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ሱስ በምልክት ቋንቋ ማውራት ሰላምታ እንደ መለዋወጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል ትምህርት በዲግሪ ይሰጣል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ፤ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ መማር ያለ ምንም ጥርጥር ይሻላል። የጣት ፊደላችንን በደንብ ያዝ፦ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል። የአሜሪካውን የምልክት ቋንቋ በቪዲዮ ተምረህ አዲስ አበባ ላይ ለማማከር ግን አትሞክር። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ምልክቶች ቢኖሯቸውም የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ተገልጋዬ እህቷን ይዛ ትመጣለች፤ እህቷ ታስተረጉምላት?

መልስ፦ አታስተርጉም። ተገልጋይሽ ስለ ቤተሰቧ የምትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል፤ እህቷ ባለችበት አትናገረውም። ዘመድ ደግሞ «ይህን እንኳ አልነግራትም» እያለ ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል። በአሜሪካ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግም አብሮ የመጣ ሰው እንዲያስተረጉም በባለሙያው መጠየቁን፣ ከአስቸኳይ የሕይወት አደጋ በቀር፣ አይፈቅድም። ልጅ እንዲያስተረጉም መጠየቅማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ሙያተኛ አስተርጓሚ ሲመጣ ከክፍለ ጊዜው በፊት 10 ደቂቃ ያህል አነጋግሪው፤ ሲያበቃም 5 ደቂቃ ስጪው። ከአንቺ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ ተገልጋይሽ ሁለታችሁንም ባንድ እይታ ታያለች። አንቺ የምታዪው እሷን ነው። «ጠይቃት»፣ «ምን አለች» አትበዪ፤ በቀጥታ አናግሪያት። ከሁሉ በላይ ግን ለአስተርጓሚው ይህን ንገሪው፦ አረፍተ ነገሯ የተበታተነ ከሆነ አስተካክለህ አታምጣልኝ፣ እንዴት እንደተበታተነ ንገረኝ። አሳምሮ ያቀረበው ንግግር የሕመሙን ምልክት ይደብቅብሻል።

ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ወይም የእድሯ አባል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማን እንደሚመጣ ቀድመሽ አሳውቂያት፤ አልፈልግም ካለች ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የአስተርጓሚውን ክፍያ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ አገልግሎት ሰጪው። በተገልጋዩ ሂሳብ ላይ መጨመር ክልክል ነው። ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ፣ ወይም ከ30 በላይ ቋሚ ሠራተኛ የሌለው ቢሮ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር የታክስ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። ይህን ሳያውቁ ተገልጋይ የሚመልሱ ቢሮዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በምርመራ ላይ ትልቁ ስህተት ምንድን ነው?

መልስ፦ የቋንቋ እጥረትን የአእምሮ ሕመም አድርጎ መውሰድ። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ፣ አንዳንዶቹ ከዚያም በኋላ፣ ሙሉ ቋንቋ አያገኙም። እንዲህ ያደገ ሰው ታሪኩን ሲነግርህ ትናንትና የዛሬ 10 ዓመት ይቀላቀሉበታል፤ ማን ማንን እንደመታ አይለይም፤ ከመሃል ይጀምራል። የማያውቅ ባለሙያ ይህን አይቶ «የሐሳብ መዛባት» ብሎ ይጽፋል፤ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል፤ መድኃኒት ይታዘዛል።

መለያው ጊዜ ነው። የቋንቋ እጥረት ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ነው። ሳይኮሲስ (ሰው ከእውነታው የሚርቅበት የአእምሮ ሕመም) ግን ሰውየውን ከነበረበት ይለውጠዋል። ስለዚህ የሚያውቁትን መስማት የተሳናቸው ጓደኞቹን፣ በፈቃዱ፣ ጠይቅ፦ «አምና እንዲህ ነበር የሚያወራው?» «ድሮ ደህና ነበር፤ ከሁለት ወር ወዲህ ምልክቱ አይገባንም» ካሉህ ያኔ ሳይኮሲስን ጠርጥር።

የፊት ገጽታም ያሳስታል። ቅንድብ ማንሳትና ፊትን መቋጠር የቋንቋው ሰዋስው ናቸው፤ ቁጣ አይደሉም። ሰፋ አድርጎ በፍጥነት የሚያወራ ሰውም የግድ ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መጋል) የለበትም። ሰውየውን ከራሱ ጋር አወዳድረው እንጂ ከሚሰማ ሰው ጋር አታወዳድረው።

«ድምፅ ይሰማሃል?» የሚለውን ጥያቄም ተው። አንገቱን ነቅንቆ «አዎ» ይልሃል፤ የመኪና ጡሩንባ ማለቱ ይሆናል፤ ወይም ጥያቄው ሳይገባው በትህትና መነቅነቁ ነው። «ሌላ ሰው የማያየው፣ አንተ ብቻ የምታየው ሰው በምልክት ያናግርሃል?» ብለህ ጠይቅ። የአንገት መነቅነቅን ሁልጊዜ እንደ መልስ አትቁጠር። «ምን እንደጠየቅሁህ መልሰህ ንገረኝ» በል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጣ ወጣት ሜሪላንድ ውስጥ ተልኮልኛል። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መጥቶ አልተግባቡም።

መልስ፦ የሚጠበቅ ነው። እሱ የሚያውቀው የኢትዮጵያውን ነው፤ ምናልባትም የቤተሰቡን የእጅ ምልክት ብቻ። ራሱ መስማት የተሳነው የሆነ፣ የምስክር ወረቀት ያለው አስተርጓሚ ከሚሰማው አስተርጓሚ ጋር እንዲሠራ ጠይቂ። በሥዕል፣ በካርታ፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በድርጊት ያግባባል። ለ50 ደቂቃ ሳይሆን ለ90 ደቂቃ ያዢው፤ ዓይን ይደክማልና መሃል ላይ ዕረፍት ስጪ። ወላጆቹ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ለእነሱ የተለየ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እናቱን እንደ መሸጋገሪያ አትጠቀሚባት።

ጥያቄ፦ የድባቴ መጠይቁን በወረቀት መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ ባይሰጥ ይሻላል። ፒኤችኪው-9 ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ጽሑፉ ግን ለብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በምልክት ቋንቋ አንድ በአንድ ጠይቅ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ለማለት ቀን መቁጠሪያ ዘርግተህ ከየትኛው ቀን እንደሆነ በጣትህ አሳይ። ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን ዘጠነኛውን በተለይ አትዝለለው። አሜሪካ ላለ ተገልጋይ ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡና በጭንቀት ላሉ የተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምልክት ቋንቋ በቪዲዮ እንደሚያገለግል አሳየው።

ጥያቄ፦ ቢሮዬን እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ መስኮት ከጀርባሽ አይሁን፤ ፊትሽ ይጨልማል። ከቆዳሽ ቀለም የሚለይ፣ ዝንጉርጉር ያልሆነ ልብስ ልበሺ። ተገልጋይሽ እያወራ አንገትሽን ደፍተሽ አትጻፊ፤ ዓይንሽ ከእሱ ከተነሣ መስማት አቁመሻል ማለት ነው። ማስታወሻሽን ከክፍለ ጊዜው በኋላ ጻፊ። በቪዲዮ ከሆነ ካሜራው ከወገብሽ እስከ ራስሽ በላይ ይያዝ።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ተገልጋይ በምልክት ቋንቋ የሚያወራው እየተበላሸ መጣ። ሕመሙ ባሰበት?

መልስ፦ መጀመሪያ እጁን እይ። ሃሎፐሪዶል ጡንቻን ሊያገትርና እንቅስቃሴን ሊያዘገይ፣ ሊቲየም ደግሞ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለሚሰማ ሰው ይህ የእጅ ችግር ነው፤ ለእሱ ግን የንግግር ችግር ነው። መድኃኒቱ መቼ እንደተጀመረ ወይም መጠኑ መቼ እንደጨመረ፣ በእጁ የሚያወራውም መቼ እንደተበላሸ ቀኑን ጽፈህ ለሥነ አእምሮ ሐኪሙ ላክ። «እጁ ይንቀጠቀጣል» ብለህ ብቻ አትጻፍ፤ «የጣት ፊደሉ አይነበብም፣ የሚናገረውን መረዳት አልተቻለም» በል። ሐኪሙ መጠኑን እስኪያይ ድረስ ተገልጋዩ በራሱ እንዳያቋርጥ አስረዳው።