ምናባዊ ተከታታይ ልቦለድን ወደ ቴሌቪዥን ድራማ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ፒያሳና ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከሚሠሩ የድራማ ጸሐፊዎች ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ ሦስት ቅጽ ልቦለድ ወደ ድራማ ልንመልስ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከመብቱ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አሳታሚው ብዙ ጊዜ የያዘው የማሳተም መብት ብቻ ስለሆነ የእሱ እሺታ አይበቃችሁም። በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ውሉም ሦስቱን ቅጽ በየስማቸው ይጥቀስ። አንደኛውን ብቻ ገዝቶ የገባ፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ የሚመጣውን ገጸ ባሕርይ ሲፈልግ እጁ ይታሰራል።

ጥያቄ፦ አንዱ ቅጽ ስንት ክፍል ይወጣዋል?

መልስ፦ በገጽ አትቁጠሩ። ለየምዕራፉ አንድ ካርድ ያዙና «እዚህ ምን ተለወጠ?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። መልስ ያጣ ካርድ ይውጣ ወይም ከጎረቤቱ ይዋሃድ። ከተከታታይ ልቦለድ የተወሰደው የእንግሊዝኛ ድራማ ጌም ኦፍ ትሮንስ ሦስተኛውን መጽሐፍ ለሁለት የድራማ ምዕራፍ (ሲዝን)፣ ለ3ኛውና ለ4ኛው፣ ያካፈለው ለውጡ ብዙ ስለነበረ ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ደግሞ የተለካው በእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ፊደል ነው፤ ኒያላ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ለተጻፈ አማርኛ አይሠራም። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩ።

ጥያቄ፦ ማንነቱ የተሸፈነ ገጸ ባሕርይ አለን። መጨረሻ ላይ ሴት ሆና ትገለጣለች። በአማርኛ እንዴት ይደበቃል?

መልስ፦ ግሳችን ራሱ ያሳብቃል፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ካላችሁ አለቀ። መውጫው አንቱታ ነው፦ «መጡ»፣ «እርሳቸው» ጾታ አይለዩም። ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሌሎቹ የሚያከብሯት ምክንያት ይኑር፤ ዕድሜ፣ ሹመት ወይም ፍርሃት። አለዚያ ተመልካች ወዲያው ይነቃል። በአጠቃላይ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን አንቱ እንደሚል፣ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚቀየር በሠንጠረዥ ጻፉ። ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ብቻውን ጠብ ነው፤ ሰይፍ ሳይመዘዝ።

ጥያቄ፦ አስማቱን በግዕዝ ብናደርገውስ?

መልስ፦ አልመክርም። ተመልካቹ የሚሰማው ቅዳሴ ወይም የደብተራ ድግምት ነው፤ የፈጠራችሁት ዓለም ወዲያው ይፈርሳል። አጭር፣ የራሱ ድምፅ ያለው ቃል ፍጠሩ። ስሞቹንም ከነፊደላቸው መዝግቡ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ከክፍል ክፍል ሲቀያየሩ ጽሑፉ ስክሪን ላይ ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ደኑን እንጦጦ ብንቀርጸውስ?

መልስ፦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ በፍሬም ውስጥ ከታየ ጥንታዊው ግዛት አዲስ አበባ ይሆናል። የመናገሻ ሱባ ጥድ ይሻላል። ክረምት ላይ ግን የውስጥ ትዕይንት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅረጹ፤ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ ደራሲው የመጨረሻውን ቅጽ ገና አልጻፈም። እንጀምር?

መልስ፦ ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጀምር አምስተኛው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ወጣ፤ ድራማው በ2019 ሲያልቅ ስድስተኛው አልታተመም ነበር። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚነግሥና የአስማቱ ዋጋ ምን እንደሆነ ደራሲው በሁለት ገጽ ጽፎ ይስጣችሁ፤ የውሉ አባሪ አድርጉት።