ያንን ጠርሙስ እንዳትደፊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ለገና ከሥራ አለቃሽ የተሰጠሽ የፉለርስ ቪንቴጅ ኤል (ተቀምጦ እንዲቆይ የሚጠመቅ ጠንካራ የእንግሊዝ ቢራ)፣ አልኮሉ 8.5 በመቶ፣ ከሥሩ ደለል የመሰለ ነገር ተኝቶበታል፣ የተጻፈበት ቀንም አልፏል። «ይጠጣል ወይስ ልድፋው? ባለቤቴ ፍሪዘር ውስጥ ከትተን ቅዳሜ ለእንግዶቻችን እናቅርበው ይላል» ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ተበላሽቷል ጣይው» ብለዋል። እባክሽ እንዳትሰሚያቸው! ፍሪዘር ውስጥም እንዳይገባ።

እንግሊዝ አገር ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፤ እነዚህን ጠንካራ ቢራዎች ከልቤ ነው የምወዳቸው። አንድ ሱቅ ያደረሰብኝ ነገር ደግሞ እስካሁን ያናድደኛል። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ከሥሩ ያለው እርሾ ነው። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላ አይቶ አይደነግጥም፤ ይህም ያው ነው። ጠማቂዎቹ ቢራውን ሲያሽጉት ሕይወት ያለው እርሾ አብሮ እንዲገባ ያደርጋሉ። እርሾው እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ቀስ እያለ ሥራውን ይቀጥላል። የተረፈችውን ኦክስጅን ስለሚወስድም ቢራው ቶሎ አያረጅም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራውን አጣርተውና አሙቀው እርሾውን ያስወገዱበት ጊዜ ነበር። ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው ይህ አካሄድ የድሮውን ቢራ ሊያጠፋው ነው ብለው በተቆጡ ሰዎች ነው። ስለዚህ ያ ደለል ጉድለት ሳይሆን ሰዎች ታግለው ያቆዩት ነገር ነው።

2. ቀኑ አያስጨንቅሽ። ጠርሙሱን አገላብጠሽ እዪው፤ የተጻፈው «ቤስት ቢፎር» ነው እንጂ «ዩዝ ባይ» አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ጣዕም ነው የሚናገረው፣ ሁለተኛው ስለ ጤና። እንዲያውም በዚህ አገር ሕግ አልኮሉ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ መጠጥ ቀን እንዲጻፍበት ግዴታ የለበትም። ያንቺው 8.5 ስለሆነ ነው የተጻፈበት። ምዕራብ ለንደን፣ ቺዝክ ውስጥ ያለው የፉለርስ ጠመቃ ይህን ቢራ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ እያወጣ ነው። ብቅሉንና ሆፕሱን (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠውን ተክል) በየዓመቱ ይቀያይሩታል። ካርቶኑ ላይ ዓመቱን የሚጽፉት ሰው አስቀምጦ እንዲያቆየው ብለው ነው። ድሮ የእንግሊዝ ባላባቶች ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው ጠንካራ ቢራ ጠምቀው በርሜል ውስጥ ያኖሩ ነበር። የሚከፈተው ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ነው። አንቺ በአንድ ዓመት ትደነግጫለሽ!

አዲስ ሲሆን የብርቱካን ማርማላታ ይሸታል፤ ከኋላ የሆፕሱ ምሬት ይመጣል። ሲቆይ ምሬቱ ይበርድና ዘቢብ፣ ቴምር፣ ትንሽም ሼሪ የሚባለውን ጠንካራ የስፔን ወይን የመሰለ ጣዕም ያወጣል። እርጥብ ካርቶን ብቻ የሚሸት ከሆነ ያኔ አብቅቶለታል፣ ድፊው። ግን ሳትቀምሺ አይደለም።

3. ብርሃን። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

ጓደኛዬ ዜግነት ያገኘ ቀን ደህና ነገር ይዤ ልሂድ ብዬ በሰፈራችን ካለ የመጠጥ ሱቅ አንድ ጠንካራ ኤል ገዛሁ። ርካሽ አይደለም። ጠርሙሱ ነጭ፣ እንደ ውኃ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነበር። ሱቁ ቢራዎቹን የደረደራቸው መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ጓደኛዬ ቤት ሰው ተሰብስቦ፣ ብርጭቆ ተደርድሮ፣ እኔ ስለ ቢራው ታሪክ እያወራሁ ቆርኪውን ከፈትኩት። የወጣው ሽታ የተቃጠለ ጎማና የበሰበሰ ሽንኩርት ነው። ሚስቱ ሳታስበው መስኮት ከፈተች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለቢራው ምሬት የሚሰጠው የሆፕስ ቅመም ብርሃን ሲያገኘው ይሰባበራል። ስብርባሪው ቢራው ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ይገናኝና ያንን ግማት ይፈጥራል። ኃይለኛ ፀሐይ ከሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ያግዳል፣ አረንጓዴው ብዙም አይረዳም፣ ነጩ ጭራሽ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ከነተረፈው፣ ደረሰኙንም ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሊያሸተው እንኳ አልፈለገም። ሰልፍ ላይ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ «የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራ እንዲህ ነው፤ አንተ ላገር ስለለመድክ ይሆናል» አለኝ፤ ላገር ማለት በየቦታው ቀዝቅዞ የሚጠጣው ቀለል ያለ ቢጫ ቢራ ነው። ያችን ንግግር መቼም አልረሳትም። የሚከፍለኝን ገንዘብ ሳይሆን ይቺን ነው ይዤ የቀረሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አንቺም ይገባሻል። እዚህ አገር ከብዙ ተወላጆች የበለጠ ስለዚህ ቢራ የማውቅ ሰው ነኝ! ሥራ አስኪያጁ መጣና «አልኮል አንመልስም» አለ። እኔም በተረጋጋ ድምፅ እ.ኤ.አ. የ2015ቱን የሸማቾች መብት ሕግ ጠራሁለት፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብን መቀበል መብት ነው። «አልከፍልም ካልክ ስምህን ጽፈህ ፈርምልኝ» አልኩት። ዝም ብሎ ካሽ ማሽኑን ከፈተ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጠርሙሶቹ እዚያው ፀሐይ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ያንቺን አሁኑኑ ከመደርደሪያ ላይ አውርጂው። ቤትሽ እንደኔ ጠባብ ፍላት መሆኑ አይቀርም፣ ምድር ቤት የለሽም። ከራዲያተር የራቀ ቁም ሳጥን ይበቃል። ካርቶኑንም አትጣዪ፣ ከብርሃን የሚከላከለው እሱ ነው። እንደ ወይን አታስተኚው፣ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ከተኛ አተላው ጎን ላይ ይጋገርና ስትቀጂ ሁሉም ይደፈርሳል።

4. ቅዝቃዜ። ለባለቤትሽ ከሰላምታ ጋር ንገሪልኝ፤ ፍሪዘር ውስጥ ቢረሳው ቢራው ረግቶ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ባይሰነጥቀው እንኳ በረዶ የሆነ ቢራ አይሸትም፤ የተከፈለበት ደግሞ ለሽታው ነው። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አቆይተሽው ከሆነ እንግዶቹ ከመምጣታቸው ቀደም ብለሽ አውጪው። ወንዶቹ «ይሄ ሞቋል» ሊሉሽ ይችላሉ። የኔዎቹም ብለው ነበር፤ ሁለተኛ ጉንጭ ላይ ዝም አሉ።

አቀዳዱ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ፤ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለሽ። ብርጭቆዎቹን አስቀድመሽ ደርድሪ። የቢራ ትልቅ ብርጭቆ ሳይሆን እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ይሻላል፤ አፉ ጠበብ ሲል ሽታውን ይይዘዋል። ከዚያ ጠርሙሱን አዘንብለሽ በአንድ ትንፋሽ ለሁሉም ቅጂ። በመሀል አታቃኚው፤ ባቃናሽው ቁጥር አተላው ይነሳል። የስልክሽን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ያዢው። መጀመሪያ ዳማ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ታያለሽ። መጨረሻ ላይ ቀጭን፣ እንደ ጭስ የምትጥመለመል ክር ወደ አንገቱ ትመጣለች። እሷን ስታዪ አቁሚ። የቀረችው ብትጠጣም አትጎዳም፣ ግን ታጎመዝዛለች።

ሲቀመስ መጀመሪያ ይሸተታል፣ ከዚያ ትንሽ ይጎነጫሉ፣ አፍ ውስጥ ቆየት ይደረጋል። ከዋጡት በኋላ ደረት ላይ ሙቀት ይሰማል። ይህ ተቸኩሎ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ግማሽ ሊትሩ በዚህ አገር አቆጣጠር 4.25 ዩኒት (የአልኮል መጠን መለኪያ) ነው፤ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ቢራ 1.65 ነው። ማለትም አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከሁለት ተኩል ቢራ በላይ ነው። የሚመከረው ደግሞ በሳምንት ከ14 ዩኒት እንዳያልፍ ነው። ለአራት ሰው አካፍዪው። መኪና ይዞ የመጣ ካለ ይለፈው።

ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው ብለሻል። ዶሮው ይቅደም፣ ቢራው ከማዕዱ በኋላ ይምጣ። በርበሬውና አልኮሉ አንድ ላይ ሲሆኑ እየተባባሱ አፍ ያቃጥላሉ፣ የቢራው ጣፋጭነትም ይጠፋል። የቆየ ቼዳር አይብ ቆራርጠሽ አቅርቢለት፤ ገና ላይ የሚሸጠው የዘቢብ ኬክ ከተረፈሽ ደግሞ ከሱ የሚስማማ የለም።

ሌላ ለመግዛት ካማረሽ መደርደሪያው ላይ ያለውን አታንሺ። «ከጓዳ፣ ካልተከፈተ ካርቶን አውጡልኝ» በያቸው። ፊታቸውን ቢያጠቁሩም ቁሚ፣ ያወጡልሻል።