«መከላከል» ከመከለል አይመጣም

ከሜሪላንድ የጻፉልኝ አባት ልጃቸው የአሜሪካ ፉትቦል እንደሚጫወት ገልጸው፣ የአሰልጣኙን ትምህርት ለእናታቸው ሲያስረዱ «ዲፌንስ»ን «መከላከል»፣ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣል የሆነውን «ታክል»ን ደግሞ «ጠልፎ መጣል» እንደሚሉ ነግረውኝ፣ ትክክል መሆናቸውን ጠይቀውኛል። የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን ግን አልቀበልም።

«ተከላከለ»ን ከ«ከለለ» አዛምደው «ጋረደ» ብለው የሚፈቱ አሉ። አልስማማም። «ከለለ» በግዕዝ ዙሪያውን ከበበ ማለት ሲሆን፣ «አክሊል» የወጣው ከዚያ ነው። «ከለከለ» ግን የሚጠጋው ነፈገ፣ አገደ ማለት የሆነውን የግዕዙን «ከልአ»ን ነው፤ የጉሮሮው ፊደል ወድቆ ግንዱ ተደግሟል። ስለዚህ ተከላካይ ከልካይ እንጂ ጋራጅ አይደለም፤ ለዚህ ጨዋታም ከዚህ የሚስማማ ቃል አላውቅም። አጥቂው በ4 ሙከራ ኳሱን 10 ያርድ (9 ሜትር ያህል) ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ የተከላካዩ ሥራ ያን መሬት መንፈግ ነው። ትንንሽ ልጆች ኳስ አርቀው መወርወር ስለሚከብዳቸው ጥቃቱ በአብዛኛው ይዞ መሮጥ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ዳር የቆመውን ልጅ የሚያዘው ሯጩን ተከትሎ እንዲሮጥ ሳይሆን፣ የውጭውን መንገድ ከልክሎ ጓደኞቹ ወዳሉበት ወደ ውስጥ እንዲመልሰው ነው። መሐል ያሉትም በአጥቂዎቹ መካከል ካሉት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው አንዷን ይዘው ይከለክላሉ፤ አንዱ ኳሱን አይቶ ቦታውን ከተወ ሯጩ በዚያችው ያልፋል።

«ጠለፈ» በጥልፍ ክርም ሆነ በእግር አቋርጦ መያዝን ያመለክታል፤ በእግር መጥለፍ ደግሞ በዚህ ጨዋታ ያስቀጣል። ልጁ የሚማረው ቀና ብሎ እያየ፣ ጭንቅላቱን ከግጭቱ አርቆ፣ በትከሻው ገጥሞ፣ በሁለት ክንዱ ተጠምጥሞ መጣልን ነው። ፖፕ ዋርነር የተባለው የልጆች ሊግ እንደ ፈረንጆቹ በ2012 የመጋጨት ልምምድን ከልምምዱ ጊዜ ሲሶ እንዳያልፍ የወሰነው ለጭንቅላት በመስጋት ነው። አያት «ጠልፎ ጣለው» ሲባሉ የልጅ ልጃቸው ያጠፋ ይመስላቸዋል።

እኔ «ታግሎ መጣል» እላለሁ። «ታክል» በአማርኛ የእግር ኳስ ዘገባ ሸርተቴ ገብቶ ኳስ መንጠቅን ስለያዘ፣ ለሌላ ጨዋታ መዋሱን አልወደውም። ሆኖም ወላጆች ከሜዳው ዳር «ታክል አደረገው» እየተባባሉ የሚግባቡ ከሆነ ቃሉ ገብቷልና ስሕተት ልለው አልችልም። ለእናትዎ ግን «ታግሎ ጣለው» ይበሏቸው።