የእንቅርት ኦፕራሲዮን ስደረግ እንዳያስመልሰኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን ነዎት፣ የምጽፍልዎት ከጅማ ሄርማታ ሰፈር ነው። 36 ዓመቴ ነው፣ እንቅርቴ እያደገ መዋጥ ስላስቸገረኝ ይውጣ ተብሎ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ኦፕራሲዮኑን ብዙም አልፈራሁትም፣ የፈራሁት ከሱ በኋላ ያለውን ነው፣ ምክንያቱም የዛሬ ስንት ዓመት ትርፍ አንጀቴ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው። አዲስ አበባ ስሄድም ሰኮሩ ሳንደርስ ፌስታል ነው የምፈልገው። ጎረቤቴ ደግሞ አንገትሽን ተቀደሽ ካስመለሰሽ ስፌቱ ይፈታል ብላ አስጨነቀችኝ። እውነት ነው? መከላከያስ አለው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። አለው፣ ግን ዋናው ስራ የሚሰራው ከማስመለስሽ በፊት ነው። ስለዚህ ያንን የፌስታል ታሪክ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለማደንዘዣ ባለሙያውም ንገሪልኝ፣ ብዙ ሰው መኪናና ኦፕራሲዮን ምን አገናኘው ብሎ ይተወዋል እኮ፣ በጣም ነው የሚገናኘው! ክርስቲያን አፕፈል የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፕራሲዮን በኋላ ማንን ሊያስመልሰው እንደሚችል ለመገመት ባወጣው መለኪያ የሚታዩት አራት ነገሮች ናቸው፤ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ (አዎ አለማጨስ፣ ለዚህ ብለሽ እንዳትጀምሪ)፣ ድሮ ከኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስ ወይ መኪና ማስመለሱ፣ እና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ መውሰድ። ሶስቱ ያሉበት ሰው ምንም መከላከያ ካልተሰጠው ከ10 ሰው 6ቱን ያህል ያቅለሸልሻቸዋል ወይ ያስመልሳቸዋል፣ አራቱም ካሉ ወደ 8 ይጠጋል። አንቺ ካላጨስሽ ሶስቱን ይዘሽ ነው የምትገቢው፣ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ራሱ ደግሞ ከሚያስመልሱት ውስጥ ነው።

ስፌት ይፈታል የሚለው እንኳን ዋናው ስጋት አይደለም። ሲያስመልስሽ ስታምጪ የአንገት ደም ስር ግፊቱ ይጨምራል፣ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ የተዘጋ ደም ስር ሊከፈትና ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል፣ እዛ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ደም ደግሞ መተንፈሻ ያፍናል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንገትሽ እያበጠ ከሄደ፣ ካነቀሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ አስታማሚሽ ዶክተሩ ዙር እስኪመጣ ሳትጠብቅ ነርሷን ትጥራ፣ በዛች ሌሊት አስታማሚሽ ባትተኛ ደስ ይለኛል።

የማስመለስ መከላከያ መድኃኒቱን በተመለከተ፣ እንዳንቺ ላለ ሰው አንድ አይነት አይበቃም። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን እንደተኛሽ፣ ኦንዳንሴትሮን 4 ሚሊግራም ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ሊያልቅ ሲል ይሰጣል። ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላዚል ብቻውን ለዚህ ደከም ያለ ነው። ማደንዘዣው በሚሸተት ጋዝ ፋንታ በደም ስር በሚገባ ፕሮፖፎል ከሆነ ማስመለሱ ይቀንሳል፣ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልተቻለም አትጨነቂ። ለህመሙም ትራማዶልና ሞርፊን ያቅለሸልሻሉ፣ ፓራሲታሞልና ቁስሉ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ ተጨምሮ የነሱን መጠን መቀነስ ይቻላል። ስኳር ካለብሽ ዴክሳሜታዞን ከፍ ያደርገዋል፣ የልብ ምት ችግር ካለብሽ ደግሞ ኦንዳንሴትሮን ይታሰብበታል፣ ሁለቱንም ቀድመሽ ተናገሪ።

ምግብ ላይ፣ ዋዜማውን አበርቺ ብለው ቅቤ የጠጣ ጭኮ ያቀርቡልሻል፣ እምቢ በይ። ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለው 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፣ ውሃ ግን ኦፕራሲዮኑ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ቡናስ ትይኛለሽ፣ ጅማ ተቀምጦ ይሄን አለመጠየቅ አይቻልም! ወተት የሌለው ጥቁር ቡና እንደ ውሃ ነው የሚቆጠረው፣ የለመደ ሰው ድንገት ሲተወው ራስ ምታቱም አለ፣ ግን ያንቺ ሆስፒታል ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምሺ ካለሽ የሱን ስሚ፣ ወረፋሽ ተቀድሞ ልትገቢ ትችያለሽ።

ከነቃሽ በኋላ ራስጌሽን ከፍ አድርገው ያስተኙሽ፣ ቶሎ ብለሽ አትነሺ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጀምሪ፣ አጥሚቱ ይቆይ። ከእጅ አንጓሽ መስመር ሶስት ጣት ወደ ክንድ ከፍ ብሎ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ያለውን ቦታ መጫንም ማቅለሽለሽ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ወጪ የለውም። ገና ማቅለሽለሽ ሲጀምርሽ ተናገሪ እንጂ እስኪያስመልስሽ አትቻይው። ስትወጪም እየነጠረ በሚሄድ ባጃጅ ሳይሆን ቀስ ብሎ በሚነዳ መኪና፣ ከፊት ወንበር።