ፖስተሩ ላይ ያለው «ኢትዮጵያዊ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ ድሮው የአሜሪካ መድረክ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የትርኢት ማስታወቂያ ላይ «ኢትዮፒያን ዴሊኒዬተር» የሚል አገኘሁ። «የኢትዮጵያውያንን ኑሮ የሚያሳይ ተዋናይ» ብዬ ጻፍኩና ቅር አለኝ። ያኔ እዚያ መድረክ ላይ የኛ ሰው ነበር እንዴ? ደግሞስ በቮድቪል፣ ማለትም ልዩ ልዩ አጫጭር ትርኢቶች ተራ በተራ በሚቀርቡበት የመድረክ ዝግጅት፣ «አክት» የሚሉትን «ገቢር» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ እንኳንም ቅር አለዎት! ሰውየው የኛ አገር ሰው አይደለም። እንደ ዘመኑ ልማድ ከሆነ ጥቁርም አይደለም። የጠርሙስ ቡሽ አቃጥሎ በጥላሸቱ ፊቱን የቀባ ነጭ ነው። ጥቁሮችን እያስመሰለ ይዘፍናል፣ ይደንሳል፣ ያላግጣል።

ታዲያ «ኢትዮፒያን» ከየት መጣ? በኤርምያስ 13፥23 «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን» የሚለውን ያስታውሱ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ኢትዮፒያን» ይላል። አንባቢው ግን ቃሉን የአንድ አገር ዜጋ ብሎ አልወሰደውም። ጥቁር ቆዳ ያለው ሁሉ «ኢትዮፒያን» ሆነለት። የመድረክ ሰዎቹም ቃሉን ከዚያው ወሰዱት። «ኢትዮፒያን ሰረናደርስ» የሚባሉ ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች በ1844 እ.ኤ.አ. ዋይት ሃውስ ድረስ ገብተው ተጫውተዋል። ከመካከላቸው አንድም ሐበሻ አልነበረም።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር፣ በቮድቪል ስም ያተረፉ ሁለት ጥቁር አርቲስቶች፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ቲያትር አቀረቡ። ታሪኩ ወደ ምኒልክ አገር ስለተጓዙ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። ርዕሱ? «አቢሲኒያ»። ይህኛው በእርግጥ ስለኛ ነው። «ኢትዮፒያን» ሲሉ እኛን አይሉም፤ እኛን ሲሉ «ኢትዮፒያን» አይሉም! ዊሊያምስ ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ጥላሸት ተቀብቶ ነበር የሚጫወተው። የዘመኑ ተመልካች የለመደው እሱን ነበርና።

ስለዚህ «ፊቱን አጥቁሮ የሚጫወት ቀልደኛ» ይበሉት። «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን አያስገቡት፤ አንባቢዎ እንደ እርስዎ «የኛ ሰው ነበር እንዴ?» ይላል። ዋናውን ቃል ማሳየት ካስፈለገ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃል።

ወደ «ገቢር» እንሂድ። መዝገበ ቃላት ብቻ ካየን ትክክል ይመስላል። «ገብረ» በግእዝ ሠራ፣ አደረገ ነው፤ «አክት»ም ማድረግ ነው። ግን አማርኛ «ገቢር»ን ለቲያትር ክፍል ሰጥቶታል፤ ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት እንላለን። አንደኛው ገቢር ከሁለተኛው ጋር በታሪክ ይያያዛል። የቮድቪል «አክት» ከጎረቤቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። አንዷ ዘፍና ትወርዳለች፣ ኳስ እየወረወረ የሚቀልብ ይወጣል፣ ቀጥሎ ምትሀተኛ፣ ከዚያ የሠለጠኑ ውሾች። «የውሾቹ ገቢር» ብለው ሲጽፉት ይታይዎት! እኔ ብሆን እያንዳንዱን «ትርኢት»፣ ሁሉንም አንድ ላይ «ዝግጅት» እለዋለሁ። የኛም የመድረክ አስተዋዋቂ «ቀጣዩ ትርኢታችን» ነው የሚለው። «ትዕይንት»ንም ይተዉት፤ እሱ ከገቢር በታች ያለው የተውኔት ክፍል ነው።

«ቮድቪል»ን ግን እንዳለ ያስቀምጡት። «ልዩ ልዩ ትርኢት» ብለው ከተረጎሙት አንድ ጨዋታ ያመልጥዎታል። መጀመሪያ የነበረው ስም «ቫራይቲ» ነው፤ ቢራና ስድብ ቢራና ስድብ የሚሸት ስም። ቶኒ ፓስተር የሚባል ባለ ቲያትር በ1881 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ 14ኛው ጎዳና ላይ ቲያትር ቤት ከፍቶ ሴቶችና ቤተሰብ ሳያፍሩ የሚገቡበት ንጹሕ ትርኢት ማቅረብ ጀመረ። ሌሎቹ ባለ ቲያትሮች ይህን የጸዳ ትርኢት በፈረንሳይኛው ቃል ጠሩት፤ «ቮድቪል» ሲባል ጨዋ ጨዋ ይላል። አዝማሪ ቤቱ «የባህል ምሽት» ሲባል እንደምናውቀው መሆኑ ነው። የሚያስቀው፣ ፓስተር ራሱ ቃሉን አይወድም ነበር። ፈረንጅኛው በዛበትና «ቫራይቲ»ን መረጠ። መጽሐፍዎ ውስጥ ሁለቱም ስሞች ከመጡ ሁለቱንም በየስማቸው ይጥሯቸው።