ምጣኔ ማስላት ለብድር ተንታኝነት ይበቃልን?

ውድ ጠያቂ፣

በሂሳብ አያያዝ ሊመረቁ ጥቂት ወራት እንደቀሩዎትና ለጀማሪ የብድር ተንታኝነት ቃለ መጠይቅ እንደተጠሩ ገልጸው፣ የፋይናንስ ምጣኔዎችን (ከሂሳብ መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮችን በማነጻጸር የሚገኙ መለኪያዎችን) በሚገባ ማስላት መቻልዎ ለሥራው ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለጽሑፍ ፈተና ሊበቃ ይችላል፤ ለቃለ መጠይቁ ግን አይበቃም፤ ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ብድሩ ከየት በሚመጣ ገንዘብ እንደሚመለስ ማስረዳት የሚችል ሰው ነውና።

የተመዘገበ ትርፍና በእጅ የገባ ገንዘብ እንደሚለያዩ ተምረዋል፤ በሥራው ላይ ውሳኔው በአብዛኛው የሚያርፈው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ደንበኞቹ በ90 ቀን የሚከፍሉት፣ እርሱ ግን አቅራቢዎቹን በ30 ቀን መክፈል ያለበት ድርጅት ሽያጩ በጨመረ ቁጥር ትርፉ እያደገ የገንዘብ እጥረቱም አብሮ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ተንታኙ ድርጅቱ ከመደበኛ ሥራው የሚያገኘውን የጥሬ ገንዘብ ፍሰት በዓመቱ ከሚከፈለው ዋና ብድርና ወለድ ጋር ያነጻጽራል። ብዙ አበዳሪዎች ፍሰቱ የክፍያውን 1.2 ወይም 1.25 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ብልጫው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው።

ጀማሪዎች ከልክ በላይ የሚተማመኑበት መያዣ፣ ብድሩ ሲበላሽ ጉዳቱን የሚቀንስ ሁለተኛ መውጫ እንጂ የመክፈል አቅም ማስረጃ አይደለም፤ ሐራጅ ጊዜም ወጪም ይጠይቃል፣ ንብረቱም ከተገመተለት ዋጋ በታች ሊሸጥ ይችላል። የድርጅቱ ባለቤት የብድር ታሪክ፣ ከራሱ ያዋጣው ካፒታልና የገበያው ሁኔታም ይመዘናሉ። ባለቤቱ ስለ ራሱ ሂሳብ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ ሰነድ የበለጠ ያስረዳል።

ይህን ስል ምጣኔን ማናናቄ አይደለም። የፋይናንስ ምሁሩ ኤድዋርድ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት የኪሳራ መተንበያ ቀመር የቆመው በአምስት ምጣኔዎች ላይ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ከ66 አምራች ኩባንያዎች መረጃ በመሆኑ፣ ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅት እንዳለ ቢጠቀሙበት ሊያሳስትዎ ይችላል። ስለ ቀመር ከተጠየቁ ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ይህን መሰሉን ገደብም አብረው ይናገሩ።

እስከ ቃለ መጠይቁ ድረስ የአንድ ኩባንያን የ3 ተከታታይ ዓመታት ኦዲት የተደረገ የሂሳብ መግለጫ ወስደው ንባብዎን ከጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ይጀምሩ። ተሰብሳቢ ሂሳቡ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ገንዘብ) እና የዕቃ ክምችቱ ከሽያጩ ፈጥነው አድገው እንደሆነ ይመርምሩ፤ የኦዲተሩን አስተያየትና ከመግለጫው ጋር የተያያዙትን ማብራሪያዎችም አይዝለሉ። ከዚያም ብድር ይሰጠው ወይም ይከልከል የሚለውን ውሳኔዎን፣ ሽያጩ ምን ያህል ቢቀንስ ክፍያው እንደሚስተጓጎል ከሚያሳይ ስሌት ጋር፣ በአንድ ገጽ ጽፈው ይዘው ይቅረቡ፤ ስለ ሥራ ልምድ ሲጠየቁ የሚያሳዩት ይኖርዎታል።